እናትሽ ሰላም ብላሻለች

የካቲት 14፣ ሐሙስ

እማዬ ሄደች። በጠዋቱ አውቶቡስ፣ ከጋሽ ገለታ ጋር። ጋሽ ገለታ ወንድሟ ነው፣ ናይሮቢ ነው የሚኖረው፣ ሊያሳክማት መጥቶ ወሰዳት። ሆዷ አብጦ የቀሚሷ ቁልፍ አልገጥም ስላለ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩላት። በመስኮት እጇን አውጥታ ራሴን ያዘችኝ፣ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስም አልለቀቀችኝም፣ አብሬ ሮጥኩ፣ ስቴጅ፣ አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ፣ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።

አብሬያት መሄድ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ግን ኪፓንዴ የለኝም። ሃያ ዓመት ሞልቶኝ መታወቂያ የለኝም። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ኬንያ ሞያሌ ነው፣ አባቴ ደበላም እዚሁ አጠገባችን ካለችው ከቡቲዬ ነበር፣ በጎሳ ግጭቱ ጊዜ ቤታችን ሲቃጠል ወረቀቱ ሁሉ አብሮ ተቃጠለ፣ እሱም ከዛ በኋላ ብዙ አልቆየም። ያለ ኪፓንዴ የናይሮቢን ኬላዎች ማለፍ አይቻልም። «ከማዶ የመጣሽ ነሽ» ብለው ያወርዱሻል። ማዶ፣ ኢትዮጵያ፣ ደግሞ ማንንም አላውቅም፣ ወስደው እዛ ቢጥሉኝስ?

ለሰው የነገርኩት ነገር ሁሉ ከኔ ቀድሞ ስቴጅ ይደርሳል። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። ፊደል ያስቆጠረችኝ እማዬ ናት፣ ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፣ ብሳሳትም ለራሴው ነው።

የካቲት 17፣ እሁድ

ደወለች! ጉበት ነው ብለዋታል። ገና ይመረምሯታል። «ጸጉርሽን ማን ይሠራልሻል?» አለችኝ። ሃያ ዓመቴ እኮ ነው እማዬ! ስቃ ሳል ያዛት።

ከዛ እንዲህ አለችኝ፣ «ሮዚ፣ ሰው ሁሉ እወስድሻለሁ ይልሻል። አትቸኩይ። ነገርሽን ለጌታ ስጪው።» እሺ አልኳት። ሰሊም እወስድሻለሁ እንዳለኝ ግን አልነገርኳትም።

ሰሊም የአውቶቡሱ ኮንዳ፣ ረዳቱ ነው። ማንዳዚ፣ የሻይ ብስኩቱን፣ የምጠብስበት የማማ ካልቱማ ሆቴል በየጠዋቱ ይመጣል። «ማዳም ማንዳዚ» ነው የሚለኝ። እንዲሁ ደንበኛ ነው፣ ሌላ ነገር የለም።

የካቲት 21፣ ሐሙስ

ነገ! ሰሊም ነገ ይወስደኛል። «ፖሊሶቹ ሁሉ ጓደኞቼ ናቸው፣ እህቴ ናት እላቸዋለሁ» አለ። ለማማ ካልቱማ አልተናገርኩም፣ ቤት አከራያችንም አሠሪዬም እሷ ናት፣ ከሰማች ትገድለኛለች። ለጌታም በደንብ አልጸለይኩም፣ ቸኮልኩ። እማዬን ነገ ማታ አያታለሁ።

የካቲት 22

ተመለስኩ። አሁን መጻፍ አልችልም።

የካቲት 23፣ ቅዳሜ

መጀመሪያው ኬላ ላይ በደንብ አለፍን፣ ፖሊሱ ወደ ውስጥ አየት አድርጎ ተወን። ሰሊም ጠቀሰኝ። እኔም ሳቅኩ፣ አይ ሞኝነቴ። ሁለተኛው ላይ ፖሊሶቹ ወደ ውስጥ ወጡ። አንድ በአንድ፣ ኪፓንዴ፣ ኪፓንዴ፣ ኪፓንዴ። እኔ ጋ ሲደርስ እጄን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ የሌለውን ነገር እፈልጋለሁ፣ ማበጠሪያ አወጣሁ፣ መልሼ ከተትኩ፣ ሶፍት አወጣሁ። ፖሊሱ ያየኛል። ከዛ ወደ ሰሊም ዞሮ «ይቺ ማናት?» አለው።

ሰሊም «ሲምጁዊ» አለ። አላውቃትም።

አንዴ ብቻ አይደለም፣ ሁለቴ ነው ያለው። እያየኝ ነው ያለው። የዛን ዕለት ጠዋት እንኳ ሻይውን ያቀረብኩለት እኔ ነኝ፣ ሁለት ማንኪያ ተኩል ስኳር እንደሚፈልግ የማውቀው እኔ ነኝ።

ወረድኩ። አውቶቡሱ ሄደ፣ አቧራው ብቻ ቀረ። ፖሊሶቹ በርሚል ላይ አስቀመጡኝ፣ አንደኛው ውሃ ሰጠኝ። እኔ ግን በቃ አሁን ወስደው ያስሩኛል፣ በቃ እማዬን አላያትም፣ እያልኩ ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ በዛ ፀሐይ። ከሰዓት ላይ ወደ ሞያሌ የሚመለስ የፍየል መኪና አስቁመው «ይቺን ቤቷ አድርስ» አሉት። ከፍየል ጋር መጣሁ።

ማማ ካልቱማ በር ላይ ነበረች። ሽታዬን አሽትታ «ፍየል ልትሆኚ ነው የጠፋሽው?» አለች። ከዛ ገላዬን አጠበችኝ፣ እየተሳደበች።

የካቲት 25

ሰሊም መጣ። «አውቃታለሁ ብል ሰው አሻጋሪ ብለው እኔንም ያስሩኝ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ሻይውን ማማ ካልቱማ እንድታቀርብለት አደረግኩ።

ማንዳዚው ላይ ሳለቅስ «አንቺ ልጅ፣ ዘይቱ ውስጥ አታልቅሺ፣ ደንበኛ ጨው በዛ አለ» ትለኛለች ማማ ካልቱማ።

እማዬ ደውላ ነበር። እንዳፈረ ሰው ሆኜ አወራኋት። ለጌታ ስጪው ብላኝ ነበር።

የካቲት 28፣ ሐሙስ

ዛሬ ሽማግሌዎቹ ጋ ቀረብኩ። ለኪፓንዴ የሚቀርበውን ሰው፣ ማን ነህ፣ የማን ልጅ ነህ፣ ብለው የሚያጣሩት እነሱ ናቸው። እዚህ ሽማግሌን ምዜ ነው የሚሉት፣ ምዜ ጎዳና የሚባለው አንዱ ነው። ቡቲዬ የአባቴ ጎረቤት ነበር። «አባትሽ ከጎኔ ነው ያደገው፣ አንዲት ቃል ነው የምናገረው፣ ያልቃል» ብሎኝ ነበር። በሱ ተማምኜ ነው የሄድኩት። ሌሊቱን መጸለይ ሲገባኝ የምዜ ጎዳናን ቃል እያሰብኩ በደስታ ተኛሁ።

ጸሐፊው «መቼ ተወለድሽ?» አለኝ።

«ዘጠና አምስት» አልኩ፣ ፈጥኜ። እማዬ ሁሌ «በዘጠና አምስት ክረምት፣ ዝናቡ ጣራውን ሊያፈርሰው ሲል» እያለች ነው ያሳደገችኝ።

ጸሐፊው 1995 ብሎ ጻፈ። ከዛ የትምህርት ቤቴን ደብዳቤ አየ፣ እሱ ላይ 2003 ነው የሚለው። «ሃያ ስምንት ዓመትሽ ነው ወይስ ሃያ?» አለኝ። ያኔ ገባኝ። የእማዬ ዘጠና አምስት የኢትዮጵያ ነው። የኬንያው ሌላ ነው። ላስረዳ ብዬ አፌን ስከፍት አንዱ ሽማግሌ ሳቀ፣ «የኬንያ ልጅ በኢትዮጵያ ዓመት ትቆጥራለች እንዴ? ማዶ ናት ይቺ፣ ራሷ ነገረችን እኮ!» ሁሉም ሳቁ።

ምዜ ጎዳናን አየሁት። ዱላውን ያያል። ዱላውን ብቻ። ሌሎቹ ይቀየሙኛል ብሎ ይሆን? ቃሏ አንዲት ነበረች እኮ።

«እናትሽን ይዘሽ ነይ፣ እሷ ትመስክር» አሉኝ።

«ናይሮቢ ታማ ተኝታለች።»

«ሄደሽ አምጫታ።»

«ያለ ኪፓንዴ በምን ልሂድ?» አልኩ።  ቀጣዩን ሰው ጠሩ።

ማርች 9፣ ቅዳሜ

ከዛሬ ጀምሮ በኬንያ ቀን ነው የምጽፈው። ልመደው። ማርች ዘጠኝ። ማርች ዘጠኝ። የተወለድኩት 2003።

እማዬ የምትተኛበት በኩል ነው የምተኛው። የምትሸጠው ሰልባጅ ልብስ ጥግ ላይ እንደታሰረ ነው፣ አልፈታሁትም። ሽታው እሷን እሷን ይላል። ቀሚሷ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፣ ክርኑ አሁንም እንደታጠፈ ነው፣ ውስጡ ክንዷ ያለ ይመስላል።

ማርች 11፣ ሰኞ

ምን ዓይነት ልጅ ነኝ እኔ።

ደወለች፣ ድምጿ ቀጭን ነበር፣ ከሩቅ የሚመጣ፣ «ምን አሉሽ ሽማግሌዎቹ?» አለችኝ። እኔ ደግሞ «በአንቺ ምክንያት ነው! ዘጠና አምስት፣ ዘጠና አምስት እያልሽ አሳድገሽኝ መሳቂያ ሆንኩ!» ብዬ ጮህኩባት።  ከዛ «ጥፋቱ የኔ ነው ሮዚ፣ እኔ ሌላ አቆጣጠር አላውቅም» አለች። ይቅርታ ጠየቀችኝ። እሷ! ታማ ተኝታ! ሂሳቡ አልቆ ስልኩ ተቋረጠ።

ነገ ደውዬ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ነገ በጠዋት።

ማርች 13፣ ረቡዕ

ትናንት ኔትወርክ አልነበረም። ዛሬ ጋሽ ገለታ አነሳ። «ተኝታለች፣ መድኃኒቱ ያስተኛታል» አለኝ። ይቅርታ በልልኝ አልኩት። «እሺ ልጄ፣ እነግራታለሁ» አለ። ድምጹ ጎርናና ነው፣ ጉንፋን ይዞታል መሰለኝ። ናይሮቢ ብርድ ነው ይላሉ።

ማርች 15

አሁንም ተኝታለች። «ተሽሏታል፣ እናትሽ ሰላም ብላሻለች» አለኝ ጋሽ ገለታ። ስሜን ጠርታ ነው ወይ ሰላም ያለችኝ? አልኩት። «አዎ፣ ስምሽን ጠርታ» አለ። እፎይ። ይቅር ብላኛለች ማለት ነው።

ሮመዳን ገብቷል፣ ሆቴሉ ቀን ዝግ ነው፣ ከሰዓት ለማፍጠሪያ ሳምቡሳ እንጠብሳለን። ማማ ካልቱማ ዛሬ አንድ ጊዜ እንኳ አልተቆጣችኝም። ሁለት ሳምቡሳ አሳረርኩ፣ አንስታ ጣለችው፣ ዝም። ጾም ነዋ።

ማርች 17፣ እሁድ

ቤተክርስቲያን ሄድኩ። ወንድም ፈቃዱ የሚያገለግለን ነው፣ ለእማዬ ሁልጊዜ «ጌታ ሆይ ዘርፌን ፈውሳት» ብሎ ይጸልያል። ዛሬ ከፊት አስጠርቶኝ እጁን ጭኖ ጸለየልኝ፣ ረጅም ጸሎት፣ «ለሮዝ ጉልበት ስጣት፣ ሮዝን ያዛት፣ ሮዝን አትተዋት» እያለ። ሴቶቹ ሁሉ አለቀሱ። በኋላ ሳስበው ለእማዬ መጸለዩን ረሳ። ሰው ነው፣ ይረሳል። እኔ ቤት መጥቼ ለብቻዬ ጸለይኩላት።

ጌታን ጠየቅኩት። ተሽሏታል ወይ? አድነሃታል ወይ? አንድ ነገር በለኝ እንጂ። ሌላው ሰው ሁሉ ይነግረኛል፣ አንተ ብቻ ዝም። ተቀየምኩት፣ እውነቱን ልጻፍ።

ማርች 19፣ ማክሰኞ

ሰው ይመጣል። የሄሉ ሰፈር ሴቶች፣ ከነማላውቃቸው። ወተት ይዘው፣ ሥጋ ይዘው። ይቀመጣሉ፣ ያዩኛል፣ ራሴን ይደባብሱኛል። አንዷ ቦረና አሮጊት «ጀባዹ፣ ኢንታለ ኮ» አለችኝ፣ በርቺ ልጄ ማለቷ ነው፣ ማማ ካልቱማ ክፉኛ ገላመጠቻት፣ አሮጊቷ ተነስታ ሄደች። ስለ ኪፓንዴው ሰምተው ነው። ታሥራ ወደ ማዶ ልትጣል ነው ብለው ነው መሰለኝ። እነሱ ሲያዝኑልኝ ፍርሃቴ ባሰ።

ማታ፣ ካፈጠሩ በኋላ፣ ሰሊምም መጣ። ሻይውን ራሴ ሰጠሁት፣ በቃ ይብቃው ብዬ። «አላውቅህም፣ ስንት ማንኪያ ነበር?» አልኩት። ይስቃል ብዬ። ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ። እኔ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ደንበኞቹ ሁሉ ዝም አሉ።

ማርች 20

ምዜ ጎዳና እቤት ድረስ መጣ! ባርኔጣውን አውልቆ። «ነገ ሐሙስ ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ። አንቺ ምንም አትናገሪ፣ እኔ ነኝ የምናገረው» አለ። «ባለፈውም እንዲህ ብለውኝ ነበር» ልለው አስቤ ዓይኑን ሳየው ተውኩት። ዓይኑ ቀልቷል።

ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ፣ አኩርፌህ ነበር፣ ለካ የሰው ልብ እያራራህ ነው።

ማርች 21፣ ሐሙስ

ፈረሙ!!!

ምዜ ጎዳና ተነስቶ ቆመ። «ይቺ የደበላ ልጅ ናት። አባቷ ሲያገባ ግመሉን የጎተትኩት እኔ ነኝ፣ ስትወለድ ደጃቸው ነበርኩ፣ ባለፈው ዝም ያልኩት ፈሪ ስለሆንኩ ነው፣ ፈሪ መሆኔን ጻፉልኝ» አለ። ማንም አልሳቀም። ያ ባለፈው የሳቀው ሽማግሌ እንኳ መሬት መሬት እያየ ፈረመ። እናትሽን ይዘሽ ነይ ያሉትንም ረሱት፣ አንዳቸውም ስለ እማዬ አልጠየቁኝም! ጌታ ሲሠራ እንዲህ ነው። ከዛ ምዜ ጎዳና እጄን ይዞ ቢሮው ድረስ ወሰደኝ፣ አሻራ ሰጠሁ፣ ጣቶቼ ሁሉ ጥቁር ሆኑ፣ ኪፓንዴው እስኪመጣ የሚያገለግል ወረቀት ሰጡኝ፣ ማኅተም ያለው። 2003 ይላል። ስሜ ሮዝ ደበላ ይላል።

እማዬ እማዬ እማዬ እመጣለሁ!

ማርች 22፣ ዓርብ

ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ። ጋሽ ገለታ ጋ ደውዬ «እመጣለሁ! ለእማዬ ንገራት!» ብዬ ጮህኩ። ዝም አለ፣ ከዛ ተቋረጠ። ኔትወርክ።

ሻሽ ገዛሁላት፣ ቢጫ። ጸጉሯ በመድኃኒቱ ሳስቶ ይሆናል። ስደርስ መጀመሪያ ምን እንደምላት አስቤያለሁ፣ ገና ከበሩ «የተወለድኩት በዘጠና አምስት ክረምት ነው» እላታለሁ፣ ትስቃለች።

ማማ ካልቱማ «በጊዜ ተኚ። ጎህ ሲቀድ፣ አውቶቡሱ ሳይነሳ፣ ሰዎች ሊመርቁሽ ይመጣሉ» አለችኝ። ለኔ? ይሄ ሁሉ ክብር ለኔ? እሺ አልኳት። አቀፈችኝ። አቅፋኝ አታውቅም።

ማርች 31፣ እሁድ

ከስምንት ቀን በኋላ ነው እስክሪብቶ የያዝኩት።

ጎህ ሲቀድ መጡ። ለብሼ፣ ቦርሳዬን ይዤ፣ ሻሹን ከላይ አድርጌ እየጠበቅኳቸው ነበር። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ «ግቡ ግቡ» ያልኩት እኔ ነኝ። ወንድም ፈቃዱ፣ ምዜ ጎዳና፣ ሴቶቹ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ከኋላቸው ጋሽ ገለታ። ጋሽ ገለታ! ናይሮቢ ያለው ሰው! እሱን ሳየው ገባኝ። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። ከዛ ያለውን አልጽፍም።

እማዬ የሞተችው ማርች 12 ነው። በጮህኩባት ማግስት። የቀበሯት ማርች 14 ነው። ማርች 15 «ስምሽን ጠርታ ሰላም ብላሻለች» አለኝ።

ሁሉም ያውቁ ነበር። ማማ ካልቱማ፣ ሰሊም፣ ሳምቡሳ የሚገዛው ሰው ሁሉ። እኔ ብቻ ነኝ በከተማው የማላውቀው። እናቴ አፈር ውስጥ ሆና እኔ በሰሊም ላይ እቀልዳለሁ። እናቴ አፈር ውስጥ ሆና ሻሽ እመርጣለሁ፣ ቢጫው ይሻላል ሰማያዊው እላለሁ።

ማማ ካልቱማን «አንቺ እንኳ!» አልኳት። አለቀሰች። «ብነግርሽ መሬት ላይ ትወድቂ ነበር። ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡት ያን ሐሙስ ብቻ ነው። ወረቀቱን ሳትይዢ ብትወድቂ መቃብሯን እንኳ አታዪም ነበር። ሁሉም በዚህ ተስማማ። ጾሜን እየጾምኩ ዋሸሁሽ፣ እሱን አላህ ይየው» አለችኝ። ምን ልበላት? ስምንቱን ቀን ያጎረሰችኝ እሷ ናት። ክፉ ሰው የለበትም። የምጠላው ሰው ፈልጌ አጣሁ።

ጋሽ ገለታ ደግሞ ከመሄዱ በፊት «በዛች ስልክ አልተቀየመችሽም፣ ስልኩ ሲቋረጥ ሳቀች፣ ልጄ ተቆጣችኝ ብላ ሳቀች» አለኝ። እውነት ይሁን? እንደዛ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ። ግን «ተሽሏታል» ያለኝም ይኸው አፍ ነው። ካሁን በኋላ በምን ልለየው?

ትናንት ብቻዬን ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ወደ ኋላ እያንዳንዷን ቀን አሰብኩ። ማን ምን እንዳለኝ። ጋሽ ገለታ ተሽሏታል አለኝ። ማማ ካልቱማ ሊመርቁሽ ነው አለችኝ። ሰሊም አላውቃትም አለ። እኔም ለራሴ፣ ጉንፋን ነው፣ ጾም ነው፣ ኔትወርክ ነው፣ አልኩ፣ እኔም ራሴን ዋሸሁ። ጌታ ግን አንድ ቀን እንኳ ተሽሏታል ብሎኝ አያውቅም። ስለምነው ዝም አለኝ፣ ስቀየመው ዝም አለኝ። ከሁሉ ያልዋሸኝ እሱ ብቻ ነው። ያንን ዝምታ ነበር የጠላሁት። አሁን ግን የምደገፍበት እሱ ብቻ ቀረልኝ።

ኤፕሪል 2፣ ማክሰኞ

አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፣ መንገዱ ጥሩ ስለሆነ መጻፍ ይቻላል። ሰሊም ከፊት አስቀመጠኝ። አናወራም። ሁለተኛው ኬላ ላይ ከመድረሳችን በፊት መጥቶ «አሁን አውቃታለሁ እላለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ። «አያስፈልግም፣ ወረቀት አለኝ» አልኩት። ክፋት አይደለም፣ እውነቴን ነው።

ፖሊሱ ያው ያኔ ውሃ የሰጠኝ ነው። አላስታወሰኝም። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። ቀጥ ብዬ አየሁት። ያ ሁሉ ፍርሃት የት እንደሄደ እንጃ።

«ወዴት ነው?» አለኝ።

«ናይሮቢ። እናቴ ጋ።»

ጥቁሩን ሻሼን አላስተዋለም መሰለኝ። ፈገግ ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ፣ «ምሳሊሚዬ» አለኝ፣ ሰላም በይልኝ።

እሺ አልኩት። አውቶቡሱ ሲነሳ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጌታ ሆይ፣ ይሄ ሰውዬ አያውቅም። እሷ ያለችው አንተ ጋ ነው፣ ሰላምታውን አንተ አድርስላት። የኔንም ይቅርታ አድርስልኝ። በሰው አልልክም።